የማይታጠበው ቱታ

እኔ ስለ መንፈስና ስለ ጣረ ሞት ሲወራ ጨዋታ የምቀይር ሰው ነኝ፣ ይህን አስቀድማችሁ እወቁልኝ። ጎረቤት ተሰብስቦ እገሌ ቤት ኮቴ ተሰማ፣ እገሊት ሌሊት በስሟ ተጠራች ሲባባል፣ "አይጥ ነው፣ ወጥመድ ግዙ" ብዬ ብድግ እላለሁ። ሥራዬ ልብስ ማጠብ ነው፣ የሰው ልብስ ለዓመታት ያጠበ ደግሞ ምስጢር በሚባል ነገር ብዙም አይደነቅም፣ እመኑኝ፣ ባለሥልጣኑም ዘፋኙም ሙሽራውም ኮሌታው ሥር ያው ነው፣ ቢጫ መስመርና ቅባት። ስለዚህ ይህን የማወራችሁ ላስፈራራችሁ ብዬ አይደለም፣ ለማንም ያልተነፈስኩት ነገር እስከ ዛሬ ሆዴ ውስጥ ስለቀረ ነው።

ላውንደሪዬ አትላስ አካባቢ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ነው። ጊዜው ቦሌ ሆቴል በሆቴል ላይ የሚወልድበት ጊዜ ነበር፣ ዞር ባላችሁበት ሁሉ መወጣጫ እንጨት የለበሰ ሕንፃ፣ ሲሚንቶ የጫነ መኪና፣ ሰማያዊ መስታወት፣ መብራቱ ግን በፈረቃ። ሆቴሉ ሲበዛ አንሶላው በዛ፣ እኔም በአንድ ማሽን ጀምሬ ጓሮው ሁሉ ገመድ በገመድ እስኪሆን ድረስ ሰፋሁ። ጫልቱ የምትባል ሠራተኛ አለችኝ፣ እንደ እህቴ ነው የማያት፣ አባቷ ጤፍ ያርሱበት የነበረው መሬት ላይ አሁን ሆቴል ቆሞበታል፣ እሷም የዚያኑ ሆቴል አንሶላ እኔ ጋ ታጥባለች፣ ይህን ራሷ እየሳቀች ነው የምትናገረው። የእያንዳንዱን ደንበኛ ልብስ ኮሌታው ሥር በቀለም ክር እንለየዋለን፣ ለአንዱ ሰማያዊ፣ ለአንዱ አረንጓዴ፣ ክሩ ከወለቀ ደግሞ አፍንጫ አለ። አትሳቁ፣ እውነቴን ነው፣ የሰው ጠረን እንደ ድምፁ ነው፣ ከለመዳችሁት ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ትለዩታላችሁ።

ባለቤቴ ብርሃኑ ቦሌ ሚካኤል የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። እሱን ብታውቁት ትወዱታላችሁ፣ ረጋ ያለ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ፣ መኪና ሲነዳ ሚኒባስ ሁሉ የሚቀድመው ሰው ነው፣ "እለፍ ወንድሜ፣ እለፍ" እያለ ቤት ስንደርስ ምሳው ይቀዘቅዛል። ጠረኑ ደግሞ ጎማና ካርቶን፣ ከሥሩ እንደ ሞቀ ዳቦ ያለ ነገር ነው፣ ያገባሁት ግማሹን በዚያ ጠረን ነው ብል አልዋሸሁም። አንድ በሽታ ብቻ ነበረበት፣ ደምሴ ንፋሱ።

ደምሴ ንፋሱ ማን እንደሆነ ለማታውቁ፣ በድሮ ዘመን የመኪና ውድድር ሹፌር ነበር፣ አስፋልት ብርቅ በነበረበት ጊዜ በአቧራ መንገድ ላይ ሁሉን አስከትሎ የሚገባ፣ ንፋሱ የሚለውን ስም ያወጣለትም ሕዝብ ነው። ሲወዳደር መፋቂያ ያኝክ ነበር አሉ፣ ኩርባው ላይ ሲደርስ ግራ ክንዱን በመስኮት አውጥቶ በጥርሱ መሃል ጢቅ አድርጎ ይተፋና ከዚያ በኋላ ያየው የለም፣ አቧራው ብቻ ነው የሚቀረው። ለሰው ዓይን መከላከያ ብሎ ደግሞ ደረት ኪሱ ውስጥ ጤና አዳም አይለየውም። የሞተው በኩላሊት በሽታ፣ ጉርድ ሾላ ከሚገኘው ቤቱ፣ አልጋው ላይ ነው፣ ይህን አድናቂዎቹ እስከ ዛሬ ይቅር አላሉትም፣ ብትጠይቋቸው ወሬውን ወደ ሌላ ያዞሩታል።

እነዚህ አድናቂዎቹ ማኅበር አላቸው። ሽማግሌ አለ፣ የባንክ ሠራተኛ አለ፣ ጋራዥ ያለው አለ፣ አብዛኞቹ ደምሴ ሲወዳደር ሕፃናት ነበሩ፣ ከብርሃኑ በቀር ግን ሁሉም መፋቂያ ያኝካሉ፣ ሁሉም በጥርሳቸው መሃል ጢቅ ይላሉ። ተራችን ደርሶ እኛ ቤት የተሰበሰቡ ቀን በረንዳዬ ምን እንደሚመስል አልነግራችሁም፣ ምግብ በልታችሁ ይሆናል። ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ቱታው ነው። ደምሴ የመጨረሻውን ውድድር ያሸነፈበትን ቢጫ ቱታ በሣጥን አስቀምጠውታል፣ ሲሰበሰቡ ያወጡትና ተራ በተራ እጅጌውን ፊታቸው ላይ ያሳርፋሉ፣ ያለቅሳሉ፣ አንዱ እንባና ንፍጡን የጠረገበትን ሌላው ተቀብሎ ይጠርግበታል። ታጥቦ አያውቅም። ብርሃኑ ከነሱ ጋር ተራውን ጠብቆ ፊቱን ሲቀብርበት ያየሁ ቀን እራት አልበላሁም።

ታዲያ ለደምሴ መታሰቢያ ዝግጅት የድሮ የውድድር መኪናውን አድሰውት፣ አንድ ሰው ቱታውን ለብሶ ከጉርድ ሾላ እስከ ቦሌ እንዲነዳው ተስማሙ። ቱታው የሚበቃው ሰው ጠፋ፣ የዘመኑ ቁርጥና ቢራ የሁሉንም ሆድ አስፍቶታል፣ ለብርሃኑ ብቻ ልክክ አለ። ሐሙስ ዕለት በፌስታል ይዞት ላውንደሪ መጣ፣ ዓይኑ እንደ ሙሽራ ያበራል።

"ተኩሺው ብቻ" አለኝ። "ውሃ እንዳይነካው።"

"ለምን?"

"ላቡ አለበታ፣ ጽጌ። የሱ ላብ እኮ ነው።"

"ላብ መሆኑንማ አፍንጫዬ ነግሮኛል።"

"ጋሽ መኮንን አደራ ብለውኛል። አይታጠብም።" ጋሽ መኮንን የማኅበሩ ሰብሳቢ ናቸው፣ ጡረተኛ፣ የተከበሩ ሰው፣ እሳቸውም ይተፋሉ።

እሱ ከሄደ በኋላ ከሌላ ደንበኛ ልብስ እንዳይቀላቀል ብዬ ኮሌታው ሥር ቀይ ክር ሰፋሁበትና ካውያውን ገና ደረቱ ላይ ሳሳርፈው ሽታው ተነሳ። ያልታጠበ ልብስ ተኩሳችሁ ታውቁ እንደሆነ እንጃ፣ ሙቀቱ ያረጀውን ላብ ይቀሰቅሰዋል፣ የተቃጠለ ዘይት፣ የሰው ብብት፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ጤና አዳም። ካውያውን አነሳሁት። ይህ ነገር የባለቤቴን ቆዳ አይነካም አልኩ፣ ሳፋ አወጣሁ፣ የዱቄት ሳሙናውን በእፍኜ አፈሰስኩበትና ነከርኩት፣ ደግ አደረግኩ፣ ዛሬም ቢሆን ደግ አደረግኩ ነው የምለው።

ከመንከሬ በፊት ኪሱን ስፈትሽ መፋቂያ አገኘሁ። የደረቀ እንጨት ቢሆን ምንም አይደል፣ የሰውዬው ቅርስ ነው ብዬ አስቀምጥለት ነበር፣ ይኼኛው ግን ጫፉ የታኘከ፣ አረንጓዴ፣ እርጥብ ነው። የሰው ምራቅ ጣቴ ላይ ሲሳብ አየሁት። ከነዚያ አድናቂዎች አንዱ ረስቶት ይሆናል ብዬ ወደ ጓሮው ቦይ ወረወርኩና እጄን ሁለቴ ታጠብኩ።

የመጀመሪያው ውሃ እንደ ቀለም ጠቆረ፣ ይህ አይገርምም። ሁለተኛውም ጠቆረ፣ ይህም ያለ ነው። ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንደቀየርኩ አልቆጠርኩም፣ በረኪና ጨምሬበታለሁ፣ ብሩሽ ሰብሬበታለሁ፣ ውሃው አልጠራም፣ በጥቁሩ ላይ አጫጭር ሽበት ይንሳፈፋል፣ አንዱን አንስቼ ስጥለው ሌላ ይመጣል። እጄ የለመደውን ነገር ያስተዋልኩት ቆይቼ ነው፣ ውሃውን የምቀዳው ውጭ ካደረ በርሜል ነው፣ ክረምት ነው፣ ጣት ያቆራምዳል፣ ሳፋው ውስጥ ያለው ግን ለብ ብሏል፣ የሰው ገላ ያህል ለብ ብሏል። እጄን ቶሎ አወጣሁ። ጨመቅኩት፣ ዝናብ ስለነበር ከጓሮው ክፍል ውስጥ ገመድ ላይ ሰቀልኩት፣ ወዲያው መብራት ሄደ።

ገና አልመሸም፣ ሊመሽ ሲል ነው፣ በመስኮቱ ግራጫ ብርሃን ይገባል። ማሽኖቹ ዝም ሲሉ ያ ክፍል እንዴት ጭር እንደሚል ካልሠራችሁበት አታውቁትም። ቱታው ውሃ ያንጠባጥባል፣ ጠብ፣ ጠብ፣ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ አንሶላ አጥፋለሁ። ከጠብታው መሃል ሌላ ድምፅ ሰማሁ፣ ፍቅ፣ ፍቅ፣ ፍቅ፣ እንጨት በጥርስ ላይ ሲሄድ። አይጥ ነው አልኩ፣ ለጎረቤት የምመልሰውን ለራሴ መለስኩ ማለት ነው። ከዚያ ጢቅ አለ።

ዞር ስል ማንም የለም። ቱታው ሥር፣ ከኩሬው ወጣ ብሎ፣ ሲሚንቶው ላይ አንድ ትንሽ እርጥብ ነገር አለ፣ አረፋ ያለበት፣ ውስጡ የእንጨት ጭረት ያለበት። ጎንበስ ብዬ አየሁት፣ ባላየሁት ይሻለኝ ነበር። ቀና ስል ደግሞ ቱታው ፊት ለፊቴ ነው፣ እግሩና እጅጌው ውሃ እያፈሰሰ ብብቱና ኮሌታው ደርቋል፣ ደርቆም የጨው መስመር አውጥቷል፣ እየተመለከትኩት መስመሩ ውስጥ አዲስ እርጥበት ቀስ ብሎ ሰፋ። እጄን ኮሌታው ላይ አደረግኩ። ይሞቃል፣ ሰው አሁን ያወለቀው ያህል ይሞቃል። የልማድ ነገር ሆኖ አሸተትኩት፣ ያ ሁሉ ሳሙና፣ ያ ሁሉ በረኪና የለም፣ ዘይት፣ ላብ፣ ጤና አዳም፣ የዛሬ ላብ። ኪሱን መንካት አልፈለግኩም፣ ግን ነካሁት፣ መፋቂያው አለ።

የበሩ መጋረጃ ተገለጠ፣ ጫልቱ ናት። ከፊት ለፊት ክፍል ደንበኛ ስታስተናግድ ነበር።

"እትዬ፣ ማነው እሱ ሰውዬ?" አለችኝ።

"የቱ ሰውዬ?"

"ከጓሮ የሚተፋው። እዚህ አይተፋም ልለው ነው የመጣሁት።" ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየችና ሌላ ሳትጠይቅ መጥረጊያ አመጣች፣ እኔ ስላልቻልኩ እሷ ናት የጠረገችው።

በማግስቱ ጋሽ መኮንን ራሳቸው መጡ። እጥበቱን ደብቄ አልቆይም ብዬ ልናገር አፌን ስከፍት ቱታውን ከእጄ ተቀብለው ፊታቸውን ቀበሩበት፣ ረጅም ትንፋሽ ሳቡ፣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። "እንዳለ ነው" አሉኝ፣ "አልነካሽውም፣ ተባረኪ ልጄ።" ባዶውን ፌስታል ሰጠኋቸው። ማታ ለብርሃኑ ሁሉንም ነገርኩት፣ እንዳይለብሰው ለመንኩት፣ በዕድሜዬ ባሌን ለምኜ አላውቅም። እሱም እጄን ይዞ "ደክሞሻል" አለኝ፣ "ከሕፃንነቴ ጀምሮ የምመኘው ነገር ነው ጽጌ፣ አንድ ቀን ብቻ።"

እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቦሌ መንገድ ዳር መኪናው ከሚቆምበት ቦታ ቆምኩ። የደምሴ ባለቤት እማማ ዘነበች ጃንጥላ ሥር ወንበር ተሰጥቷቸዋል፣ ነጭ የለበሱ ቀጭን አሮጊት፣ ፎቶ ሲያነሷቸው አይስቁም። ዙሪያውን ሕዝብ ነው፣ ጢቅ ጢቅ ይላል። የኔ ሰውዬ እስኪደርስ ምሳ ሰዓት ይሆናል ብዬ በልቤ እቀልዳለሁ፣ ፍርሃቴን ለማባረር ነው፣ ወዲያው የጎማ ጩኸት ተሰማ። ያቺ ነጭ አሮጌ መኪና በአደባባዩ ኩርባ በጎኗ እየተንሸራተተች መጣች፣ ሰው ኡኡ አለ፣ ጭራዋን አዙራ የእማማ ዘነበችን ወንበር ልትነካ ጥቂት ሲቀራት ቆመች። መስኮቱ ላይ የግራ ክንድ አለ። ብርሃኑ መንጋጋውን እያንቀሳቀሰ በጥርሱ መሃል ጢቅ አለ፣ ሲተፋ አይቼው የማላውቀው ባሌ፣ የመፋቂያውንም ነገር ስነግረው "ኡፍ፣ ቀፋፊ" ያለኝ ባሌ። ጋሽ መኮንን ትከሻውን እየሳሙ ያለቅሳሉ፣ ሕዝቡ ንፋሱ፣ ንፋሱ ይላል።

እማማ ዘነበች ከወንበራቸው ቀስ ብለው ተነሱ። ሰው መንገድ ለቀቀላቸው፣ ሊስሙት መስሎታል። እሳቸው ግን ቱታውን በአንድ እጃቸው ያዝ አድርገው ወደ አንገቱ ጎንበስ አሉና ልክ እኔ በየቀኑ እንደማደርገው አሸተቱ።

"ደግሞ መጣህ እንዴ?" አሉት። የደነገጠ ሰው ድምፅ አልነበረም፣ አምሽቶ የገባ ባል የሰለቻት ሴት ድምፅ ነበር። እጃቸውን ቀሚሳቸው ላይ ጠርገው ሄዱ።

ሮጬ ደረስኩባቸው። "እማማ፣ እኔ እኮ አጥቤው ነበር" አልኳቸው፣ ሌላ የምለው አልመጣልኝም።

"እኔም አጥቤዋለሁ ልጄ፣ ትዳሬን ሙሉ አጥቤዋለሁ" አሉኝ። "አይለቅም።" ከዚያ ወደ ብርሃኑ ተመለከቱና "ባልሽ ነው?" ብለው ጠየቁኝ፣ አዎ ስላቸው እጄን ጨበጡኝ፣ ለቅሶ ቤት እንደሚጨበጠው ነው የጨበጡኝ።

ቱታውን የዚያኑ ዕለት አስወልቄ መለስኩት፣ ብርሃኑን ገላውን አሳጠብኩት፣ እንደገና አሳጠብኩት። ሲተኛ ጠጋ ብዬ አንገቱ ሥር አሸተትኩት፣ ዘይት፣ ላብ፣ ጤና አዳም። ቆዳው ላይ ቀርቶ ነው፣ ነገ ይለቃል አልኩ፣ አልለቀቀም። ከዚያ ወዲህ ሚኒባስ አይቀድመውም። ሲናገር ያው ብርሃኑ ነው፣ ይቀልዳል፣ እናቱን ይጠይቃል፣ የምወደውን ሙዝ ይዞልኝ ይገባል፣ ተኝቶ ግን ቀኝ እግሩ የአልጋውን እንጨት ይረግጣል፣ ይለቃል፣ ይረግጣል፣ ጠዋት በረንዳዬ ላይ ያን እርጥብ ነገር አገኛለሁ። አንድ ቀን መኪና ውስጥ እንዳለን አላስችል ብሎኝ "ብርሃኑ፣ አንተ ነህ?" አልኩት። "ማን ልሁን ታዲያ?" አለኝና ሳቀ፣ ሳቁ የራሱ ነው፣ ለዚህ እምላለሁ፣ ሳቁ ሲያልቅ ግን ጢቅ አለ። ብትፈልጉ አድናቂነት ነው በሉት፣ ሰው የሚወደውን ይመስላል በሉት፣ እኔም ለራሴ እንደዚያ ነበር የምለው።

እንደዚያ ማለት ያቆምኩት በጫልቱ ምክንያት ነው። የቤት ልብሳችን ክር የለውም፣ አንድ ቀን የብርሃኑን ሸሚዞች ከሌላው ጋር ቀላቅዬ አመጣሁ፣ ጫልቱ እየለየች አንዱን አነሳች፣ አሸተተች፣ ባለ ቀይ ክሩ ቱታ ተቀምጦበት ወደነበረው ጥግ ወረወረችው።

"እትዬ፣ ያ የሚተፋው ሰውዬ ደግሞ ልብስ ላከ እንዴ?"

"የብርሃኑ ነው" አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ሸሚዙን እንደገና አነሳች፣ አሸተተች፣ ቀስ አድርጋ መልሳ አስቀመጠችው፣ እጇን ሽርጧ ላይ ጠረገች። 

ከወር በፊት ቦሌ ሚካኤል ያለውን ሱቁን ላጸዳለት ሄጄ፣ ከጎማዎቹ ኋላ ሚስማር ላይ አንድ የሥራ ሸሚዝ አገኘሁ፣ ከመታሰቢያው በፊት ለብሶት ረስቶት የቀረ ነው። ኮሌታው ቢጫ ሆኗል፣ አቧራ ለብሷል። ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት፣ ጎማ፣ ካርቶን፣ ከሥሩ የሞቀ ዳቦ። ከእነዚያ ብረቶች መሃል ካርቶን ላይ ተቀምጬ ፊቴን ቀብሬበት አለቀስኩ፣ እንባዬንም ንፍጤንም በእጅጌው ጠረግኩ።

ላውንደሪ ወስጄ በፌስታል ቋጥሬ ከላይኛው መደርደሪያ አስቀመጥኩት። ጫልቱ ለእጥበት ልታወርደው እጇን ስትዘረጋ ከወዲያ ማዶ ጮህኩባት፣ "እሱ አይታጠብም!" አልኳት። እጇን ሰበሰበች። የራሴን ድምፅ ሰማሁት፣ ምን እንዳልኩም ሰማሁት፣ ቢሆንም አልመለስኩትም።

ጠረኑ እንዳያልቅ ቶሎ ቶሎ አልፈታውም፣ ሲብስብኝ ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት ብሶብኝ ፈታሁት፣ ጎማውም አለ፣ ካርቶኑም አለ፣ ዳቦውም አለ፣ ከሁሉ ኋላ ግን፣ ምናልባት ጎረቤት ያሉ ሴትዮ የተከሉት ይሆናል፣ ምናልባት በመስኮቱ ገብቶ ይሆናል፣ ጤና አዳም የሸተተኝ መሰለኝ። ፌስታሉን ቶሎ ቋጠርኩት። ከዚያ ወዲህ አልፈታሁትም።